በመኖሪያ ቤት የመዋኛ ገንዳ ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ



እ.ኤ.አ. በጁን ወር 2002 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር በአንድ መኖሪያ ቤት በተደረገ ግብዣ ላይ ስፓ በሚባለው የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሞተች። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች፤ ዋናም ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። አጣብቆ ያስቀራት በገንዳው ወለል ላይ ያለው የውሃ መሳቢያ ቀዳዳ ነው። እናቷ ደርሰው በሙሉ ኃይላቸው ቢጎትቷትም ሊያላቅቋት አልቻሉም። በመጨረሻ ሁለት ወንዶች ጎትተው ሲያወጧት ከጉተታው ብርታት የተነሣ የቀዳዳው ክዳን ተሰበረ።

የነገሩ መንሥኤ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ፓምፑ ውሃውን ለማጣራት ከወለሉ ይስባል። ቀዳዳው አንድ ብቻ ሆኖ አካል ሲደፍነው በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከበላይ ያለው የአየርና የውሃ ግፊት ደግሞ አካሉን በቀዳዳው ላይ ይጫነዋል። የቀዳዳው ዲያሜትር 20 ሴንቲ ሜትር፣ የግፊቱም ልዩነት የከባቢ አየር ግፊት ግማሽ ቢሆን፣ የሚጫነው ኃይል ከ150 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። «ልጆቻችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር አስፈላጊነቱ ባይካድም ለዚህ አደጋ መልስ አይሆንም፤ እናት ደርሰው ነበርና።

መፍትሔው ግን ውስብስብ አይደለም። ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ከአንድ መሳቢያ ቧንቧ ጋር ከተያያዙ፣ አንዱ ቢደፈን ውሃው በሌላው ይሳባል።

በሟቿ ስም የተጠራው የፌዴራል ሕግ በዲሴምበር 2007 ጸደቀ። ከአንድ ዓመት በኋላ በአገሪቱ የሚሸጠው የመሳቢያ ክዳን ሁሉ የተወሰነውን ደረጃ እንዲያሟላ ተደረገ። ይሁን እንጂ ልጅቷ የሞተችው በመኖሪያ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ነባሩን ክዳን የመለወጥ ግዴታ የተጣለው በሕዝብ ገንዳዎች ላይ ነው። የግል ቤቶቹ ጉዳይ፣ የገንዘብ ማበረታቻ ታክሎበት፣ ለየግዛቶቹ ተተወ።

ካሊፎርኒያ በ1996 ያወጣችውን ሕግ አሻሽላ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ አዲስ ለሚሠራ ወይም ለሚታደስ የግል ገንዳ ከሰባት የመከላከያ ዓይነቶች ቢያንስ ሁለቱ እንዲኖሩት አዘዘች። ከእነዚህም አንዱ አጥር ነው። ቁመቱ ከ152 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በሩም ራሱን የሚዘጋና ከገንዳው ወደ ውጭ የሚከፈት እንዲሆን ተደንግጓል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጥቃቅን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሳይቀረቀር የቀረውን በር ሕፃን ከውጭ ሲገፋው ይዘጋል እንጂ አይከፈትም።

እንዲህ ያለው ሕግ በሌለበት ሥፍራ የሚቀረው የሠሪው ንድፍ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ኮንክሪቱ ሳይፈስ በፊት በንድፉ ላይ ቢሰፍር የሚጠይቀው ጥቂት ቧንቧ ነው፤ ከፈሰሰ በኋላ ግን ወለሉን ማፍረስ ያስፈልጋል።