አባ ዳሚያን፥ የሕሙማን አገልጋይ



የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጡ እንደ ነበር የቤተ ልሔም ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በሐዋይ አገር ግን ሞሎካይ ወደምትባል ደሴት ይጋዙ ነበር። የቤልጂግ ተወላጅ የሆኑት ካቶሊካዊው ቄስ አባ ዳሚያን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 ወደዚያ ገቡ። ቁስል አጠቡ፤ ቤት ሠሩ፤ ሙታንን ቀበሩ። ደዌው እርሳቸውንም ይዟቸው በ1889 በ49 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚያው በ1873 ሐንሰን የተባሉ የኖርዌይ ሐኪም የደዌውን ተሐዋሲ አገኙ፤ ነገሩ ርግማን አለመሆኑ ታወቀ። ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር የሚያድን መድኃኒት ያለ ዋጋ ይሰጣል።

እንግዲህ በተማሪው ገላ ላይ ሲነካ የማይሰማው የደበዘዘ ምልክት ያየ መምህር፥ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይምራው እንጂ ከትምህርት ቤት አያርቀው። አባ ዳሚያን መድኃኒት ሳይኖር ሕሙማንን አልሸሹም፤ መድኃኒት በተገኘበት ዘመን የሚሸሽ ምን ምክንያት አለው?