ስለ እንጉዳይ ካፕሱልና ስለ እግሬ መደንዘዝ

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ፣ እኔ በርበሬና ሽሮ ሻጭ እንጂ ሐኪም አይደለሁም ብዬ ነበር። ሆኖም ስህተቱን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ እኔው ብናገረው ይሻላል።

ስኳር ካለብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማታ ማታ እግሬን ጉንዳን የወረረው ይመስል ይነዝረኝ ጀመር። መርሳትም አበዛሁ፤ ለአንድ ደንበኛ መልስ ሁለት ጊዜ የሰጠሁበት ቀን አለ (እሱ አልረሳም፣ ዝም ብሎ ወሰደ!)። በዚህ መካከል ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አንድ ጠርሙስ ካፕሱል ይዞልኝ መጣ። «የአንበሳ ጋማ» የሚሉት ነጭ እንጉዳይ ነው፤ እንደ ጋማ ወደ ታች ይንዠረገጋል። ቻይናዎች የጦጣ ራስ ብለው ይበሉታል። እኛ ልጆች ሳለን እንጉዳይን የጅብ ጥላ ብለን እንሸሸው ነበር።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ መኖሩን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ፣ ከስታንሊ ኮኸን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ እንጉዳይ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ፕሮቲኑን እንደሚያበዙ በላቦራቶሪ በሴሎችና በእንስሳት ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የጃፓን ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ መርሳት የጀመራቸው 30 ሰዎች ተሳትፈው፣ በቀን 3 ግራም ያህል ለ16 ሳምንት የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ነጥብ አመጡ። ካቆሙ ከ4 ሳምንት በኋላ ግን ነጥባቸው ወረደ። ሠላሳ ሰው ማለት የዚህን አዳራሽ አንድ ጥግ አይሞላም። በስኳር የተጎዳ የሰው ነርቭን ስለ ማዳኑ ደግሞ በቂ ማስረጃ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ አምስት ወር ዋጥኩ፤ አልፎ ተርፎም አስመጥቼ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። አንዲት እናታችን መጥተው «አንተ ልጅ፣ ከስኳሩ ኪኒን ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሄ ከሥሩ ነው የሚነቅለው» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው! ለሁለቱም ገንዘብ ስላልበቃቸው የስኳሩን ኪኒን ትተው የእኔን ገዙ። በሦስተኛው ሳምንት ስኳራቸው ሽቅብ ወጥቶ ሆስፒታል ገቡ።

ልጠይቃቸው ሄጄ ጥፋቴን ለሐኪሙ ስነግረው፣ የእኔን እግር ነገር ጠየቀኝና ደም አስመረመረኝ። ቫይታሚን ቢ12 አንሶኝ ኖሯል። ለስኳር የምንወስደው ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጀት ይህን ቫይታሚን እንዳይስበው ያደርጋል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ የምንጾም ሰዎች ደግሞ በጾም ወራት ከአብዛኛው እንርቃለን። ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ መርሳትም ያመጣል። ቆይቶ ከታወቀ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። መርፌ ተወግቼ በወራት ውስጥ ንዝረቱ ቀለለልኝ፤ የግራ እግሬ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ እንደ ደነዘዙ ናቸው። አምስቱን ወር በጠርሙስ ባላባክን ኖሮ እላለሁ። ሜትፎርሚኑን አላቆምኩም፤ እናንተም ሐኪም ሳያዝ እንዳታቆሙ።

እናታችን ድነው ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ገንዘቤን መልስ» ነው ያሉኝ፤ መልሻለሁ።

አሁን ሱቄ ካፕሱሉ የለም። እንጉዳዩን እንደ ምግብ መብላት ለሚፈልግ አልከለክልም። ካፕሱል ይዞ ለሚመጣ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የሚወስደውን መድኃኒትና መቼ ደም እንደተመረመረ ነው። የቀረችኝን አንዷን ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ። በጀርባዋ በደቃቅ ፊደል፣ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የታሰበች እንዳልሆነች ተጽፎባታል። በአሜሪካ ሕግ ሻጩ ስለ ጥቅሟ ካወራ ይህን የመጻፍ ግዴታ አለበት። እኔ መነጽር ስላላደረግኩ አላየሁትም ነበር። ከምሳ በኋላ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ መነጽሬንም አብሬ እተዋለሁ።