ግራ ብቻ ወይስ ግራም ቀኝም? የናስካር ደጋፊዎች ክርክርና እኛ

(በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያህ ጋር የተያያዘ፣ ግን ከራት በኋላ ሰው የማያስተኛ ርእስ ይዘህ ና» ብሎኛል። መካኒካል ኢንጂነር ለሆነ ሰው ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ደግነቱ ያለነው ሻርሎት ነው። አብዛኞቹ የናስካር የመኪና ውድድር ቡድኖች ጋራዣቸው በዚህች ከተማ ዙሪያ ነው። እዚህ አካባቢ ሰው ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ይጠነቀቃል፤ ስለ ናስካር መርሐ ግብር ሲያወራ ግን ማንም አይጠነቀቅም። እኔም በሥራ ቦታ የምሳ ሰዓት ክርክሩን ለዓመታት ስሰማ ኖሬ፣ ለኛም የሚሆን ነገር ስላገኘሁበት ነው ይዤው የቀረብኩት። ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መቼም ብዙዎቻችን ናስካርን በቴሌቪዥን ስናየው ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ የሚዞሩ መኪኖች ናቸው። ይህ ሞላላ መም ኦቫል ይባላል። ኦቫል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የማርቲንስቪሉ ዙሪያው ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ፍሬን የሚጋይበት ጠባብ ቦታ ነው። የታላዴጋው ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ኩርባው 33 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ በእግር ልውጣው ብትሉ ያደክማችኋል። ሁለተኛው ዓይነት ሮድ ኮርስ ነው። ግራም ቀኝም ይጠማዘዛል፣ ዳገት ቁልቁለት ይኖረዋል፣ አንዳንዴም የከተማ መንገድ ተዘግቶ ይሠራል።

ክርክሩን የሚያመርረው አንድ ቁጥር ነው፤ 36። ከ2001 ጀምሮ በዋናው ሻምፒዮና በዓመት የሚካሄደው ነጥብ የሚያሰጥ ውድድር 36 ነው። አዲስ ቦታ ሲገባ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ይኸው ለ2025 በወጣው መርሐ ግብር ሜክሲኮ ሲቲ በሮድ ኮርስ ስትገባ፣ የቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከሁለት ውድድሮቿ አንዱን አጥታለች። ለሪችመንድ ሰው ይህ የሆቴሉ፣ የምግብ ቤቱ፣ ከአባትና ከአያት ጋር በየዓመቱ የሚኬድበት ቀን ነው።

ኦቫል ወዳዶቹ «ናስካር ማለት ኦቫል ነው» ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ናስካር በ1948 ዴይቶና ቢች ላይ ሲመሠረት፣ የዴይቶና ውድድር ግማሹ በባሕር ዳርቻው አሸዋ፣ ግማሹ በአውራ ጎዳናው አስፋልት ላይ ነበር የሚካሄደው። ዛሬ የምናውቀው ትልቁ የዴይቶና ኦቫል የተከፈተው በ1959 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቨርሳይድ የሚባል ሮድ ኮርስም እስከ 1988 አገልግሏል። ከዚያ በኋላ ሶኖማና ዋትኪንስ ግሌን ብቻ ቀሩና፣ እስከ 2017 ድረስ በዓመት ሁለት ሮድ ኮርስ ልማድ ሆነ። በ2018 የኛው ሻርሎት ኦቫሉን ከመሀል ሜዳው ጠመዝማዛ መንገድ ጋር አዳቅሎ «ሮቫል» አለው። በ2021 ቁጥሩ ሰባት ደረሰ።

ታዲያ ለምን ጨመሩ? ይህን ስናነሣ ለባለሥልጣኖቹም ፍትሐዊ እንሁን። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በላስ ቬጋስ፣ በቴክሳስ፣ በካንሳስ፣ በኬንታኪ፣ በቺካጎ አቅራቢያ 1.5 ማይል የሆኑ፣ ከአንድ ሻጋታ የወጡ የሚመስሉ ኦቫሎች ተሠሩ። ችግሩ የአየር ነበር። ፊት ያለው መኪና ያልተነካ አየር ያገኛል፤ ከኋላ ያለው በተበጠበጠ አየር ውስጥ ስለሚሄድ ጎማው መሬት የሚቆነጥጥበት ኃይል ይቀንሳል። ቀርቦ ማለፍ አልቻለም። መሪው እንደመራ ይጨርሳል። ደጋፊው ራሱ ነው «ሰለቸን! አጫጭር መሞችና ሮድ ኮርስ ጨምሩልን» ብሎ የጮኸው። ኬንታኪና የቺካጎው ኦቫል ከ2021 መርሐ ግብር ሲወጡ ብዙ ሰው አላለቀሰላቸውም።

የሁለቱም ወገን ክርክር ደግሞ ፍሬ አለው። ሮድ ኮርስ ወዳዱ «ሾፌር የሚለየው በፍሬንና በማርሽ ነው፣ በዝናብም ይነዳበታል» ይላል። በሐምሌ 2023 ቺካጎ መሀል ከተማ፣ ግራንት ፓርክ ዙሪያ፣ ናስካር በታሪኩ የመጀመሪያውን የዋና ሻምፒዮና የከተማ መንገድ ውድድር አካሄደ። አስፋልቱ ርሶ ነበር። ኒውዚላንዳዊው ሼን ቫን ጊስበርገን በመጀመሪያ ተሳትፎው አሸነፈ፤ ከ1963 ወዲህ ማንም ያላደረገው ነው። ናስካርን አይቶ የማያውቅ ሕዝብም መጥቶ አየ።

ኦቫል ወዳዱ ደግሞ ስለ መቀመጫው ያወራል። ኦቫል ላይ የትም ብትቀመጡ መሙን ሙሉ በሙሉ ታያላችሁ። አንደኛውን ከአሥረኛው ጋር፣ ጎማ ለመቀየር የገባውን ካልገባው ጋር እያነጻጸራችሁ ትከታተላላችሁ። ሮድ ኮርስ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኩርባ ታያላችሁ፤ መኪኖቹ መጥተው ያልፋሉ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ሌላውን በስክሪን ነው የምታዩት። «ታዲያ ቤቴ ሆኜ አላየውም?» ይላል። እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ነገሩ የሚጠመዘዘውም እዚህ ላይ ነውና። በ2022 ናስካር «ኔክስት ጄን» የተባለ አዲስ መኪና አስገባ። የቸርኬው ዲያሜትር ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች አደገ፤ በአምስት ዳዶ ይታሰር የነበረው በአንድ ዳዶ ሆነ። ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ባለ አምስት ሆነ። የኋላ እግሮቹ በአንድ ድፍን አክስል መያያዛቸው ቀርቶ እያንዳንዱ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ሆነ። ፍሬኑ ተለቀ፣ ጎማው ሰፋ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሸፈነ።

መካኒክ የሆናችሁ ገና ስሰማችሁ ነው፤ «ውጤቱ ምን ሆነ?» ትላላችሁ። በሮድ ኮርስና በአጫጭር መሞች ላይ ማለፍ የሚቻለው በአብዛኛው ፍሬን ላይ ነው። አንዱ ዘግይቶ ይይዛል፣ ሌላው ቀድሞ ይይዛል፣ በዚያ ልዩነት ውስጥ ገብቶ ያልፋል። ፍሬኑ ሲበረታና ጎማው ሲሰፋ የፍሬን ርቀቱ አጠረ፤ ልዩነቱም ጠፋ። ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ደጋፊ እየጮኸ ያስጨመራቸው የውድድር ዓይነቶች ደበዘዙ። በተቃራኒው እነዚያ «አሰልቺ» የተባሉት ባለ 1.5 ማይል ኦቫሎች በአዲሱ መኪና ነፍስ ዘሩ። በግንቦት 2024 ካንሳስ ላይ ካይል ላርሰን ክሪስ ቡሸርን የቀደመው በ0.001 ሰከንድ ነው። በሻምፒዮናው ታሪክ የዚህን ያህል የተቀራረበ ፍጻሜ የለም። የተገኘውም ማንም በማይፈልገው ዓይነት መም ላይ ነው!

ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የተጣሉት ስለ ቦታ ነበር። ብዙው በሽታ የነበረው ግን መኪናው ላይ ነው። ቦታው ተቀየረ፣ ቀጥሎ መኪናው ተቀየረ፣ የመጀመሪያው ውሳኔ ምክንያት የነበረው ነገር ጠፋ። ውሳኔው ግን ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ቦታዎችን ላነጻጽር። አንደኛው ኢንዲያናፖሊስ ነው። በ1909 የተሠራ፣ አሜሪካ ካሏት መሞች ሁሉ የተከበረ ነው። ናስካር በኦቫሉ ላይ ከ1994 ጀምሮ ይወዳደር ነበር። ኩርባው እምብዛም ስላላዘነበለ ማለፍ ከባድ ነው፤ በ2008 ደግሞ ጎማው አሥር ዙር ገደማ እየሄደ ስላለቀ ውድድሩ እየቆመ የሚሄድ ሆኖ ሕዝቡን አስቀየመ። ከ2021 እስከ 2023 ኦቫሉን ትተው መሀል ሜዳው ባለው ሮድ ኮርስ ተወዳደሩ። ደጋፊው «የተቀደሰውን መም ትታችሁ ጓሮ ገባችሁ» ብሎ አማረረ። በሐምሌ 2024 ወደ ኦቫሉ ተመለሱ። መመለስ የቻሉት ኦቫሉ እዚያው ስለነበር ነው።

ሁለተኛው የካሊፎርኒያው ፎንታና ነው። ሁለት ማይል ኦቫል፣ በ1997 የተከፈተ። አስፋልቱ አርጅቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጎማ የሚበላ ሆኖ ነበር፤ ሾፌሮች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ጎማውን የሚያሳድር ያሸንፋል። ቦታውን አፍርሰን በምትኩ አጭር መም እንሠራለን የተባለው በ2020 ነው፤ ማለትም አዲሱ መኪና ከመምጣቱ በፊት። መኪናው ሲመጣ ፎንታና ላይ ጥሩ ውድድር ታየ። የመጨረሻው ግን የካቲት 2023 ላይ ሆነ። አብዛኛው መሬት ተሽጧል። አጭሩ መም እስከ ዛሬ አልተሠራም። ያንን አስፋልት ሃያ ስድስት ዓመት ፀሐይና ጎማ ነው የሠራው፤ ገንዘብ ቢኖር እንኳ በአንድ ክረምት አይሠራም።

የተዘጋ ሁሉ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄዳችሁ ኖርዝ ዊልክስቦሮን ታገኛላችሁ። በ1996 ውድድሩ ተወስዶ ለኒው ሃምፕሸርና ለቴክሳስ ተሰጠ። መሙ አረም በቀለበት። በ2019 መጨረሻ ዴል ኧርንሃርት ጁኒየርና ሌሎች ሰዎች አረሙን ነቅለው ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን መለኪያ አስወሰዱለት፤ ቢያንስ በስክሪን ይኑር ብለው። በ2023 ናስካር የኮከቦቹን ውድድር እዚያ አካሄደ፤ ከ27 ዓመት በኋላ፣ ያውም በ1981 በፈሰሰው አስፋልት ላይ። ማንም መሙን አላፈረሰውም ነበር፤ መዳኛው ይኸው ነው።

አሮጌው ሁልጊዜ ልክ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አትላንታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ከከተማው በስተደቡብ ያለው መም በ2022 አዲስ አስፋልት ሲነጠፍለት፣ ኩርባው ከ24 ወደ 28 ዲግሪ ሲነሣ፣ ሾፌሮቹም ደጋፊዎቹም አጉረመረሙ። በየካቲት 2024 ግን ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን መጨረሻው መሥመር ላይ ደረሱ፤ ዳንኤል ሱዋሬዝ በ0.003 ሰከንድ አሸነፈ። ዛሬ ያንን ውድድር የሚረግም ሰው ማግኘት ይቸግራል። የለመደውን የወደደ ሁሉ ነገን አያውቅም፤ አዲስ ያመጣም እንደዚያው።

ስለዚህ ማን ልክ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ካልተቻለ፣ የሚቀረው እንዴት እንደምንቀይር መጠንቀቅ ነው። ናስካር ራሱ ጥሩ ምሳሌ ሰጥቷል። በ2023 በሮድ ኮርሶች ላይ ውድድሩን በክፍል በክፍል የሚያቆመውን ቢጫ ባንዲራ አስቀረው። መኪኖቹ ተራርቀው ሲቀሩ ሰው አጉረመረመ፤ በኋላ መለሰው። አንድ ደንብ ተጻፈ፣ ተሞከረ፣ ተሰረዘ። ምንም አልፈረሰም። ከፎንታና ጋር አስተያዩት።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ፍሬሽማን ነበርን? እጅ አውጡ እስቲ። ከኛ በኋላ የመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፍሬሽማን የሚባል ነገር ሳያውቁ ነው የተመረቁት፤ የመሰናዶ ትምህርት ተተክቶለት ነበርና። በኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። መምህራኖቻችን መተዉንም መመለሱንም በጫንቃቸው ያሳለፉ ናቸው። ኮርሱ በወረቀት ተጽፎ ስለሚቀር ሊመለስ ይችላል። ያንን ኮርስ ለማስተማር የሠለጠነው ሰው፣ ቤተ ሙከራው፣ ማሽኑን የሚያውቀው ቴክኒሽያን ግን አንዴ ከተበተነ እንደ ፎንታና አስፋልት ነው።

የዛሬ መምህራን፣ እናንተ በየጊዜው ሥርዓተ ትምህርት ትከልሳላችሁ፤ መከለስም አለበት። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ እንደ ኦቫል ደጋፊ «በኛ ጊዜ!» ማለት እንወዳለን። ከኛ የምትፈልጉት ጩኸት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተመራቂው ሥራ ላይ ምን እንደጎደለው ልንነግራችሁ እንችላለን፤ ጉድለቱ ከኮርሱ ይሁን ከመሣሪያው፣ ከክፍሉ ብዛት ይሁን ከመጽሐፍ እጦት ለይተን ማለት ነው። መኪናው ታሞ መሙን እንዳንቀይር። ማኅበሩም በየዓመቱ ከሚያሰባስበው መዋጮ ላይ፣ አንድ ነገር «ይቅር» ሲባል ቢያንስ መሣሪያውና ባለሙያው ለጥቂት ዓመት እንዲቆይ የሚረዳ ድርሻ ቢመድብ፣ ለነገ መመለሻ መንገድ አስቀመጥን ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ለነገው ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ የተቃወመኝም የደገፈኝም ነገ ጠዋት ቡና ላይ ያግኘኝ።

በሉ፣ ማንም እንዳልተኛ አይቻለሁ።