ፀሐይ የማይደርስበት ጥልቅ

ይህን ቃል በሬዲዮ የሰማችሁም፣ ይህችን ትራክት በታክሲ ውስጥ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሰው እጅ የተቀበላችሁም፣ እስቲ ለጥቂት ደቂቃ አብራችሁኝ ቆዩ። ዛሬ ወደ ባሕር ወለል እንወርዳለን። «ፓስተር፣ እኛ ጀሞ፣ ለፍቶ፣ ሳሪስ የምንኖር ሰዎች ከባሕር ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ። ነገሩ ከምታስቡት በላይ ለቤታችሁ ቅርብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ቤቱ ሲወዛወዝ ተሰምቷችኋል። ልጁን ታቅፎ በደረጃ የወረደም አለ። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ፣ እሑድ ዕለት፣ በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አልፎ እስከ ህንድ ሄደ፤ እዚያም በረራ አሰረዘ። በአፍዴራ በኩል ያሉ አርብቶ አደር ወገኖቻችን ግን ከብት የሚያግጡበት ሣር አመድ ለብሶ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። አንዱ ቀን ቆጥሮ «አለቀ፣ ደቀቀ» አለ። ሌላው «የእነ እገሌ ኃጢአት ነው» ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ወገኖቼ፣ ቀኑን ማንም እንደማያውቅ ጌታችን ራሱ ተናግሯል። በተቸገረ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ደግሞ የኢዮብ ወዳጆች ሥራ ነው፤ እግዚአብሔርም በእነርሱ ንግግር ደስ አልተሰኘም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ይህ እሳት ማንም በማያየው ቦታ፣ በጥልቅ ባሕር ሥር፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው።

ውሃ የሌለበት የባሕር ወለል

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚነግሩን አብዛኛው የምድራችን እሳተ ገሞራ ያለው ከባሕር በታች ነው። የባሕሩ ወለል ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ቅልጥ ዐለት ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም አዲስ ወለል ይሆናል። ይህን ለማየት መርከብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የምርምር መርከቦች እዚሁ ጎረቤታችን በቀይ ባሕር ውስጥ፣ ከ2 ሺህ ሜትር ጥልቀት በታች፣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ፣ እጅግ ጨዋማ ውሃ አገኙ። ከመርከቦቹ አንዷ አትላንቲስ ሁለት ትባል ነበርና ያ ጥልቅ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

በእኛ አገር ግን ይኸው ነገር በደረቅ ምድር ይታያል። የቀይ ባሕር ስንጥቅ በአፋር በኩል ወደ የብስ ገብቷል። ኤርታ አሌም የዚያው ሰንሰለት ነው። በዳሎል አካባቢ ምድሩ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጥንት ባሕር ገብቶበት እንደነበረ በዳር በዳሩ የቀረው የኮራል ቅሪት ይመሰክራል። ነጋዴው በግመል የሚጭነው አሞሌ ጨው የዚያ ባሕር ትራፊ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ምድር ተከፈለች፤ ግራና ቀኙ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ይህ ሁሉ የሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው አጥንተውታል። ሌላው ዓለም በመርከብ ተጉዞ፣ ውሃ ሰንጥቆ ወርዶ የሚፈልገውን እኛ በእግራችን እንረግጠዋለን ማለት ነው።

እንግዲህ በሬዲዮ የሰማነው የአፋር እሳት ከጥልቁ ባሕር እሳት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አሁን ወደ ጥልቁ ልውሰዳችሁ።

ማንም ያልጠበቀው ነገር

ጊዜው እ.ኤ.አ. የካቲት 1977 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም.። በደቡብ አሜሪካ በኩል፣ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ራቅ ብሎ፣ ኖር የተባለች የምርምር መርከብ ቆማለች። ከእርሷ ጋር ሉሉ የምትባል ሌላ መርከብ አለች፤ እርሷ የተሸከመችው አልቪን የተባለችውን ትንሽ ሰርጓጅ ጀልባ ነው። የመጡት የድንጋይና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናቸው፤ ከባሕር ሥር ከእሳተ ገሞራ ስንጥቅ የሚወጣ ሙቅ ውሃ ፍለጋ። ልብ በሉ፤ ከመካከላቸው አንድም የሕያዋን ፍጥረታት ሊቅ አልነበረም። ለምን ይምጣ? እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ሕይወት ይኖራልና?

መጀመሪያ ካሜራ የታሰረበት የብረት ቃሬዛ በረጅም ገመድ አወረዱ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ፎቶግራፍ አነሣ። በአንድ ስፍራ ላይ የሙቀት መለኪያው ድንገት ከፍ አለ። ፊልሙ ሲታጠብ በ13ቱ ፎቶ ላይ ብቻ ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ተከማችተው ታዩ። ከ3 ሺህ 13! የቀረው ሁሉ ባዶ ጥቁር ድንጋይ ነበር።

ከዚያ ሦስት ሰዎች በአልቪን ወረዱ። ጥልቀቱ 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ናት፤ እንግዲህ እኛ ከባሕር በላይ ከወጣነው በላይ እነርሱ ከባሕር በታች ወረዱ። ለመውረድ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ፀሐይ እዚያ አይደርስም። ታች ሲደርሱ መብራታቸውን አበሩ። ያዩት ነገር በረሃ አልነበረም። ከድንጋዩ ስንጥቅ ሞቅ ያለ ውሃ ይወጣል፤ በዙሪያውም ሕይወት ሞልቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ጃክ ኮርሊስ ከታች ሆኖ መርከቡ ላይ ያለችውን ተማሪ ጥልቁ ባሕር ምድረ በዳ ነው ይባል አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ካገኟቸው ስፍራዎች አንዱን ምን ብለው እንደሰየሙት ታውቃላችሁ? «ኤደን ገነት»! ሰባኪ አይደለም ይህን ስም ያወጣው፤ ድንጋይ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ናቸው።

በዚያ አንድ ትል አለ። ርዝመቱ የሰው ቁመት ያህል ይሆናል፤ ጫፉ ደም የመሰለ ቀይ ነው። አዋቂው አፍ የለውም፤ አንጀትም የለውም። ታዲያ ምን ይበላል? ከእሳተ ገሞራው የሚወጣ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። ለእኔና ለእናንተ መርዝ ነው። በትሉ አካል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ያንን መርዝ ተጠቅመው ምግብ ይሠሩለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በሜክሲኮ በኩል ጥቁር ጭስ የመሰለ ውሃ የሚተፉ የድንጋይ ጭስ ማውጫዎች ተገኙ። ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ በላይ ነበር። በዚያ ዙሪያም ሕይወት አለ።

እግዚአብሔር ኢዮብን በምዕራፍ 38 ላይ ሲጠይቀው፣ ወደ ባሕር ምንጮች ወርዶ እንደሆነ ጠይቆት ነበር። ኢዮብ አልወረደም። የእኛ ዘመን ሰው በ1969 ዓ.ም. ጥቂት ወረደ፤ ሲደርስም እግዚአብሔር ከእርሱ በፊት ሲመግብ የኖረ ማዕድ አገኘ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የዛሬው ቃሌ አንድ ነው፤ ሰው የተወው ጥልቅ እግዚአብሔር የተወው ጥልቅ አይደለም።

ስለ ጫናው

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጫናው በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። አልቪን በወረደችበት ስፍራ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ተጭኗል። ሰዎቹ ያልተጨፈለቁት በወፍራም የብረት ድቡልቡል ውስጥ ስለተቀመጡ ነው። ትሉ ግን ብረት የለውም፤ ሰውነቱ ስስ ነው። እንዴት ኖረ? በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭ ካለው ጋር እኩል ስለሆነ ነው። ያን ግፊት የሚመልስ በውስጡ አለ።

ይህን ስሰማ የአባቶቻችን ዘመን ትዝ ይለኛል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ፣ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። «አለቀላቸው» ተባለ። እነርሱ ግን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ቀጠሉ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ቁጥራቸው 34 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሕንፃ አልጠበቃቸውም፤ ሕንፃ አልነበራቸውምና። በውስጣቸው ያለው መንፈስ ቅዱስ ነው የጠበቃቸው።

አንተም ዛሬ ጫና ላይ ነህ። የቤት ኪራይ አለ። የታመመ አለ። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ ለእናቷ ምን እንደምትል የጨነቃት እህት ይህን እያነበበች ይሆናል። ደመወዙን ቤቲንግ ቤት አስረክቦ ለሚስቱ ውሸት የሚፈጥር ወንድም ይኖራል። ጫናው ውሸት ነው አልልህም። ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። ግን ከውስጥ የሚመልስ ሲኖር አይጨፈልቅህም። ያ እንደ መርዝ የመረረህ ነገርም በጌታ እጅ ውስጥ እንጀራ ሊሆን ይችላል። መርዙ መልካም ነው አላልኩም፤ ጌታ ይችላል ነው ያልኩት።

ላይ ሆኖ የሚያዳምጥ

አሁን ደግሞ ለደህነኞቹ፣ ለእኛ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ለምንለው አንድ ቃል አለኝ።

ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ ትባላለች፤ ስሙ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚመጣ ድምፅን ያስታውሰናል። እኔም አሁን የማናግራችሁ በዚያው መንገድ ነው። ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። አልቪን ውስጥ ያሉት ሰዎች ከመርከባቸው ጋር የሚነጋገሩት በውሃ ውስጥ በሚጓዝ ድምፅ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ይዘገያል። ስለዚህ መርከቡ ላይ አንድ ሰው ጆሮውን ተክሎ ይቀመጣል። መርከቡም ጥሏቸው አይሄድም። ሞገድ ቢመታውም ስፍራውን ይጠብቃል።

ቤተ ክርስቲያን ማለት ይህ ነው! በጥልቅ ያለ ሰው ስብከት በሬዲዮ አይደርሰው ይሆናል። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስልክ አያነሣም፤ ኅብረት መምጣት ትቷል። አንቺ እህቴ፣ በግቢሽ ውስጥ ሦስት እሑድ ያልታየችውን ጎረቤትሽን በሯን አንኳኪ። አንተ ወንድሜ፣ ያ ልጅ «ደህና ነኝ» ሲልህ ቶሎ አትመን፤ ቡና ጋብዘውና ዝም ብለህ ስማው። «እምነት ስለጎደለው ነው» አትበል። ከወረደ ሰው በላይ ሆኖ መስበክ ቀላል ነው፤ ስፍራን ጠብቆ ማዳመጥ ግን ፍቅር ነው። ሕመሙ የሐኪም ከሆነም ጸልየህ ወደ ሐኪም ውሰደው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሸክሙን መጣል

በመጨረሻ፣ አልቪን ወደ ላይ እንዴት እንደምትመለስ ልንገራችሁ። ስትወርድ ከባድ ብረት ታስሮባት ነው የምትወርደው። ለመውጣት ጊዜው ሲደርስ ያንን ብረት ባሕር ወለል ላይ ትጥለዋለች። ያን ጊዜ ራሷ ውሃው ወደ ላይ ያነሣታል። ብረቱን ይዛ ልውጣ ብትል አትችልም።

ወዳጄ፣ የያዝከው ብረት ምንድን ነው? ያልተናዘዝከው ኃጢአት ነው? ይቅር ያላልከው ሰው ነው? ለዓመታት የደበቅኸው ነውር ነው? ዮናስ በሸሸበት መንገድ ጥልቅ ውስጥ ገባ፤ ከዓሣው ሆድ ሆኖ ጸለየ፤ ጸሎቱም ወደ ላይ ደረሰ። ምዕራፍ 2ን ዛሬ ማታ አንብብ። ከዚያ መዝሙር 139ን ጨምር፤ ዳዊት ከእግዚአብሔር መንፈስ የሚሸሽበት ጥልቅ ፈልጎ እንዳጣ ታያለህ። ኢየሱስ ደግሞ ከሩቅ የሚያናግር ብቻ አልሆነም፤ እስከ መቃብር ድረስ ራሱ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀንም ተነሣ። አንተ ያለህበትን ጨለማ ያውቀዋል።

ዛሬ ሸክምህን መጣል ከፈለግህ፣ ባለህበት ሆነህ፣ በዝግታም ቢሆን እንዲህ ብለህ ጸልይ፤

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ጥልቅ ውስጥ ነኝ። ራሴን ማውጣት አልቻልኩም። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ። የተሸከምኩትን በእግርህ ሥር እጥላለሁ። ከውስጥ የሚያጸናኝን መንፈስህን ስጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ። አሜን።»

ይህን ከጸለይህ ብቻህን አትቅር። በአቅራቢያህ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሂድና ለአንድ ሰው ንገር። ይህች ወረቀት ካነበብካት በኋላ ኪስህ ውስጥ አትደር፤ ድምፁ ለጠፋብህ ሰው አድርስለት።

ጌታ ይባርካችሁ።