የሚቃጠል ሽታ እንደ ማስረጃ፦ በእንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት የተሽከርካሪን ሙቀት መመርመር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከመንገድ የተወሰደ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣውን የጉለሌን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ተሳፋሪ የሚቃጠል ነገር ሲሸተው መስኮት ይከፍታል፤ ሾፌሩም “ምንም አይደል፣ አሁን ይጠፋል” ይላል። እርግጥ ነው፣ ሽታው ይጠፋል፤ መንስኤው ግን በቦታው ይቆያል። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጡ በፊት “ምን ተቃጠለ?” ከሚለው ጥያቄ ጋር “መቼ ሸተተ? ሙቀቱስ ከየት መጣ?” ብሎ መጠየቅ ግድ ነው እላለሁ።

በቅድሚያ ሽታው የመኪናው መሆኑን እናጣራ። በሰፈሩ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሲነድ ጭሱ መኪና ውስጥ ይገባል፤ አካባቢውን አልፎ ጥቂት መንዳት ጥርጣሬውን ይፈታል። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የተረሳ ጨርቅ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ የጋለውን የጭስ ማውጫ ሲነካም ይሸታል። ይህ በቀላሉ የሚጸዳ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን እሳት ያስነሣል።

ሽታው ዳገት ላይ ብቻ ከመጣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ፍሪሲዮኑ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ፍቺው “ሰበቃ” ነው፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠረፍ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ኃይል ያጣል። ሾፌሩ ጉድለቱን ለማካካስ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሰልፍ ሲይዘውም መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ያቆማል። በዚህ ጊዜ ሸራው እየተንሸራተተ ይነዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በሜዳ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው አይዝም። ሸራውን መለወጥ ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ከሞተሩ በስተኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ የሚያፈስ ከሆነ አዲሱም ሸራ በዘይት ርሶ ይንሸራተታል።

ቁልቁለት ላይ የሚመጣው ሽታ ከዚህ የከበደ ነው። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሙሉ ሚኒባስ 400 ሜትር ከፍታ ወረደ እንበል። የከፍታው ጉልበት ወደ 10 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ ይህም 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጥቂቱን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከተያዘ ብዙውን እርሱ ይጋራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን ሸክሙን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይጥላል። የጋለ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚህም የባሰው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቋቋም መለኪያው ያዝዛል፤ በጊዜ ብዛት እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በዚህ ጊዜ የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለው ዘይቱ በወቅቱ በመለወጡ ላይ ነው።

ምርመራው እንዲህ ይሁን። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ በማርሽ ተይዞ ለጎማው ታኮ ይደረግለት። ከዚያ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይቻላል። ግራና ቀኙ እኩል ከጋለ ጥፋቱ በአብዛኛው የአነዳድ ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ወይም ሊያጣምመው ስለሚችል አይገባም።

አንድ ጊዜ ያየሁት ሚኒባስ የአንድ ጎማ የፍሬን ሸራው ሁለት ጊዜ ተለውጦ ሽታው አልተወውም ነበር። መንስኤው ከውስጥ ያበጠ አሮጌ የጎማ ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ቱቦው ዘይቱን ሲረገጥ ያሳልፋል፤ ሲለቀቅ ግን አይመልስም። የተቃጠለው ሸራ የጥፋቱ ሰለባ እንጂ ምንጩ አልነበረም።

ዳገትም ቁልቁለትም ሳይለይ የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ኤሌክትሪክን እንጠርጥር። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተቃጠለን ፊውዝ በመዳብ ክር ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር መተካት ዘበኛን አባሮ በርን ክፍት እንደመተው ነው፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽታው ሲመጣ ሞተር ማጥፋት፣ ተሳፋሪ ማውረድ፣ ከተቻለም ባትሪውን መፍታት ይቀድማል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ “ይህ ትምህርት ያረጃል” የሚል ይኖራል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን እንጦጦ ላይ በሙሉ ባትሪ መውረድ ከጀመረ የሚቀበለው ቦታ ስለሌለ ሸክሙ ተመልሶ ወደ ፍሬን ይሄዳል። የጉልበት ሕግ በሞተር ዓይነት አይለወጥም።

አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። ሾፌሩ ሽታውን ከመካኒኩ፣ መካኒኩም ከባለንብረቱ መደበቅ የለበትም። ከእናንተ ከተማሪዎቼ የምጠብቀው ጋራዥ ስትገቡ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ሾፌሩን እንድትጠይቁት ነው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደ ሸተተው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።