በቤት ውስጥ ያለ ውድ ንብረትና የመድን ዋስትናው



በኢትዮጵያ ከተሞች የቤት መድን ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ግድግዳውና ጣሪያው ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ባንኮች ለቤት መግዣ ሲያበድሩ በመያዣነት ለያዙት ሕንፃ መድን እንዲገባለት መጠየቃቸው ሲሆን፣ ይህ ዋስትና በቅድሚያ የአበዳሪውን ጥቅም የሚጠብቅ በመሆኑ ቤቱ ውስጥ ስላለው ዕቃ የሚለው ነገር የለም። የብዙ ቤተሰብ ተንቀሳቃሽ ሀብት ግን ያለው በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የጥሎሽ ወርቅ፣ ከእናት ለልጅ የተላለፈ አምባር፣ የብር መስቀል፣ አልፎ አልፎም የብራና መጽሐፍ እዚያው ይቀመጣል። እነዚህን ንብረቶች መድን ማስገባት የሚቻል ቢሆንም፣ በአደጋ ጊዜ የሚገኘው ካሳ በአመዛኙ የሚወሰነው ከአደጋው በፊት በተሠራ ግምትና ምዝገባ ነው።

የጉዳዩ ሕጋዊ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም፣ ስለ መድን የሚደነግገው የቀድሞው ሕግ ክፍል በሥራ ላይ እንዳለ ቀጥሏል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 678 የዕቃ መድን ውል የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። የካሳ ውል ሲባል መድን ገቢውን፣ ማለትም ዋስትናውን የገዛውን ሰው፣ ከአደጋው በፊት ወደነበረበት የሀብት ደረጃ የሚመልስ እንጂ የማያበለጽግ ውል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋው 300,000 ብር የሆነውን ሐብል በ500,000 ብር ማስመዝገብ ለመድን ሰጪው የሚከፈለውን አረቦን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፤ የአያት መታሰቢያ መሆኑም፣ ለባለቤቱ ምንም ያህል ቢከብድ፣ በገንዘብ አይሰላም።

ከዋጋ በላይ ማስመዝገብ ትርፍ የማያስገኝ ከሆነ፣ ከዋጋ በታች ማስመዝገብ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት የበለጠ ይጎዳል። በመድን ፖሊሲዎች፣ ማለትም በመድን ውል ሰነዶች፣ ዘንድ በተለመደው የተመጣጣኝ ክፍያ ደንብ መሠረት፣ ንብረቱን ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ ገንዘብ መድን ያስገባ ሰው ለቀሪው ራሱ ዋስ እንደሆነ ይቆጠራል። አንድ ቤተሰብ ያለውን ወርቅ በሙሉ በ400,000 ብር መድን አስገብቶ ሳለ፣ ስርቆት በደረሰበት ቀን የወርቁ ጠቅላላ ዋጋ 1,000,000 ብር ቢሆንና ከዚህ ውስጥ የተሰረቀው የ300,000 ብር ቢሆን፣ የሚከፈለው ካሳ 120,000 ብር ብቻ ነው፤ የተመዘገበው ገንዘብ ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ አርባው ብቻ ስለሆነ የጉዳቱም ከመቶ አርባው ብቻ ይከፈላል። ይህ ስሌት ከብር የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ ዋጋው የዓለም ገበያን የሚከተለው ወርቅ በብር ሲተመን እጅግ ንሯል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈና ያልተከለሰ ፖሊሲ ግን የቀድሞውን አኃዝ እንደያዘ ቀርቷል።

የፖሊሲው አወቃቀርም ልብ ሊባል ይገባል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት የቤት ዕቃ ፖሊሲ አጻጻፍ፣ ወርቅና ጌጣጌጥ በጥቅሉ ከተመዘገበው ገንዘብ ሲሶ እንዳይበልጥ፣ አንድ ዕቃ ደግሞ ለብቻው ካልተዘረዘረ በቀር ከመቶ አምስት እንዳይበልጥ ገደብ ይደረጋል። በእንዲህ ያለው ፖሊሲ የቤት ዕቃው በ2,000,000 ብር ተመዝግቦ 300,000 ብር የሚያወጣ ሐብል ቢጠፋ፣ ካሳው 100,000 ብር ላይ ይቆማል፤ ሐብሉ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ከገባ ግን ገደቡ አይነካውም። ከዚህም ሌላ የስርቆት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ሰብሮ ለመግባቱ ምልክት እንዲኖር የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በር ተከፍቶ ሳለ ወይም በቤተኛ እጅ የጠፋ ጌጥ ካሳ ላያስገኝ ይችላል።

የማስረጃው ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። ለወርቅ የወርቅ ቤት ደረሰኝ፣ የግራሙ ክብደት፣ 18 ወይም 21 ካራት መሆኑ፣ የሠሪው የእጅ ዋጋና ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ ለሌለው የውርስ ጌጥ ደግሞ ባለሙያ አስመዝኖ የግምት ወረቀት ማጻፍ ይገባል። ቅርስነት ያለው መስቀል ወይም ብራና ከሆነ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ባለይዞታው ቅርሱን የማስመዝገብ ግዴታ ስላለበት፣ ይኸው ምዝገባ ለመድኑም አስተማማኝ መታወቂያ ይሆናል። ወረቀቶቹ ከጌጡ ጋር በአንድ ሣጥን ከተቀመጡ እሳቱ ሁለቱንም ይበላልና ቅጂያቸው ከቤት ውጭ መቀመጥ አለበት።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ እንደማይጠቅም ሁሉ፣ ከስርቆት በኋላ የሚፈለግ ደረሰኝም የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ስለሆነም ፖሊሲው በየዓመቱ የሚታደስበት ቀን አረቦን ተከፍሎ የሚታለፍ ሳይሆን፣ የወርቁ የዕለቱ የግራም ዋጋ ተጠይቆ የተመዘገበው ገንዘብ የሚከለስበት፣ በዓመቱ ውስጥ የተገዛው ወይም በስጦታ የመጣው ጌጥ በዝርዝሩ የሚገባበት ቀን ሊሆን ይገባል።