በመንፈሳዊ ተጋድሎ ጸንቶ ስለ መቆም የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ኑሮ በጻፈች ጊዜ መጽሐፉን ገድል ብላ ጠራችው። ገድል ተጋደለ ከሚለው ቃል የወጣ ነውና ትርጓሜው ትግል፥ ፍልሚያ ማለት ነው። በዚህም ስም የክርስቲያን ኑሮ የሰልፍ ኑሮ እንደ ሆነ አስታወቀች። ሰልፍ ከሆነ ዘንድ ግን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ጠላቱ ማን ነው? የሚዋጉትስ በማን ኀይል ነው?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በስድስተኛው ምዕራፍ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሐዋርያው ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነበረ፤ የሚጠብቀውን ወታደር ጠላቴ ነው ቢል ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን የክርስቲያን ጦርነት ሥጋና ደም ከለበሰ ሰው ጋር እንዳይደለ፥ ከማይታዩ ከክፉ መናፍስት ጋር እንደ ሆነ አስተማረ። የወታደሩንም ትጥቅ ለክርስቲያን አለበሰው፤ እውነትን መታጠቂያ፥ ጽድቅን ጥሩር፥ የሰላምን ወንጌል ጫማ፥ እምነትን ጋሻ፥ መዳንን የራስ ቍር፥ የእግዚአብሔርን ቃል ሰይፍ አደረገለት። ከእነዚህ ከስድስቱ በሰው ጉልበት የተሠራ አንድም የለም፤ የሰው ድርሻ ለብሶ መቆም ነው። ስለዚህ ሐዋርያው በዚያ ክፍል ደጋግሞ የሚያዝዘው ጸንቶ መቆምን ነው።

ይህን ትምህርት የማኅሌት ሊቃውንት ሌሊቱን ሁሉ በእጃቸው ይዘውት ያድራሉ። መቋሚያ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚነግር ተደግፈው የሚቆሙበት ማለት ነው። መቋሚያ ሰውን ተሸክሞ አይሄድም፥ ስለ ሰውም አይዘምርም፤ ተኝቶ ላደረ ሰው ከግድግዳ ጥግ ቆሞ የሚያድር እንጨት ነው። ቆሞ ለሚያድር ግን ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ይደግፈዋል። የእግዚአብሔርም ኀይል እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ የተኛ ሰው በእግዚአብሔር ታመነ አይባልም፤ በራሴ ጉልበት እችላለሁ ብሎ መቋሚያውን የጣለም ከሌሊቱ እኩሌታ አያልፍም።

ለዚህ ምስክር ሲሹ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከቁመት ብዛት አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ በጸሎት እንደ ቆሙ ገድላቸው ይናገራል። በገዳማቸው በደብረ ሊባኖስ የተማሩት አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ከተሾሙት ከአራቱ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ፥ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ለማስለቀቅ የገሠገሡት አርበኞች ሳይቀናቸው ቀረ፤ አቡነ ጴጥሮስም ተይዘው በጦር ፍርድ ቤት ፊት ቀረቡ። ለወራሪው እንዲገዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲያደርጉ ተፈለገ። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀንም በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ከዚህ ላይ ሰው ይጠይቃል፤ በእግዚአብሔር ኀይል ከታመኑ ስለ ምን አላዳናቸውም? ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ በተጨፈጨፉ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ገዳዮቹ ራሳቸው በጻፉት ቍጥር 297 መነኮሳት አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሞቱት ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ አስረድተዋል። ይህን ጥያቄ በችኮላ መመለስ አይገባም፤ ልቅሶው እውነተኛ ልቅሶ ነበረና።

ነገር ግን ጦርነቱ የት ላይ እንደ ነበረ ማስተዋል ያሻል። የአቡነ ጴጥሮስ ሥጋ በወራሪው እጅ ነበረ፤ የጎደለው ቃላቸው ነበረ። ሥጋቸውን ገደለ፥ ቃላቸውን ግን ሳያገኝ ቀረ። የእግዚአብሔር ኀይል እስራታቸውን አልፈታም፤ አንደበታቸውን ከሐሰት ጠበቀ። የዚያ ቀን ድል ይህ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጣ፤ የእርሳቸው ሐውልት ግን በአራዳ ቆሞ ይታያል።

ከጎፋ እስከ ላፍቶ፥ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ከሚኖረው ምእመን ጠላት የሚጠይቀው ጥቂት ጥቂቱን ነው። ከነጋዴው ሚዛን ቅንጣት፥ ከጸሐፊው ማኅተም መማለጃ፥ ከባልና ሚስት ዕርቅ አንድ ሌሊት፥ ከወንድማማቾች ወሰን አንድ ክንድ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ተንኮሉ ግን ራሱን ሰውሮ ሰውን በሰው ላይ ማሳየቱ ነው። ልጁ የታመመበት ጎረቤቱን ቡዳ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ንግዱ የከሰረበት ከጠንቋይ ቤት የዘመዱን ስም ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያም ክታብ ባንገቱ አስሮ ከጠላቴ ጋር እየተዋጋሁ ነው ይላል። ሰይጣን ግን አንድ ቀስት ሳያጠፋ ሁለት ቤት ማረከ። ሰውን ጠላት ያለ ክርስቲያን የጦሩን ሜዳ ስቷልና።

የዓለም ንጉሥ ወታደሩን ለሰልፍ ሲያሰናዳ ስንቁን ያበዛለታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጇን ለሰልፍ ስታሰናዳ ታስርበዋለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጉልበቱን ታደክማለች፥ በስግደትም ወደ ምድር ታወርደዋለች። ጌዴዎንም 32,000 ሰው አሰልፎ ሳለ እግዚአብሔር እስከ 300 ድረስ ያሳነሰበት ሰው ድሉ የክንዴ ነው እንዳይል ነው። የራበው ሰው በማን ኀይል እንደ ቆመ ያውቃል። እየጾመ ወንድሙን የሚያማ ግን ስንቁንም ጋሻውንም ባንድ ቀን የጣለ ነው።

ይህ ደብር የሚያከብረው ኢዮቤልዩም ስሙን ያገኘው ከኦሪት ነው፤ በ50ኛው ዓመት የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለስ፥ ባሪያውም ነጻ ይወጣ ነበር። እንግዲህ በዓሉን ያከበረ ምእመን በልቡ ጠላት ብሎ ያሰረውን ሰው ዛሬ ነጻ ያውጣ። ለንስሐ አባቱ ይንገር፥ ሄዶም ይታረቅ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቅረብ። ይህን ለማድረግ ጉልበት ቢያንሰው ይለምን፤ ለዚህ የሚለመን ኀይል አይከለከልምና።

የዚህ ሰፈር ስም ነፋስ ስልክ ነው። አባቶች ሽቦ ሳይዘረጋለት ባየር የሚተላለፈውን መልእክት ነፋስ ስልክ አሉት፤ ቦታውም በዚያ ስም ተጠራ። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ ጸሎት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ከታሰሩበት ክፍል ወደ ውጭ የሚደርስ ሽቦ አልነበረም፤ ልመናቸው ግን ወደ ላይ ደረሰ፥ የጽናት ኀይልም ወደ እርሳቸው ወረደ። በሌሊት በፈተና የተከበበ ሰውም፥ የሚሰማው ጎረቤት ባይኖር፥ በዚሁ መንገድ ይጣራ፤ መቋሚያውንም ይዞ ይቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።